ነፋስን በቦታው መምራት፦ ከፎገራ አውድማ እስከ ኮምፒውተር ሳጥን

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ራሱ ገጣጥሞ ሊሠራበት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚመድበው ለፕሮሰሰሩ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙና ለሃርድ ዲስኩ ነው። ፋን የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ በተረፈችው ብር ነው። አንዱ ከሳጥኑ ጀርባ ይታሰራል፤ ሌላ ከተገኘ ከፊት ይጨመራል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በሙቀት ራሱን እስኪያጠፋ ድረስ ስለ አየር የሚያነሣ የለም። አቀማመጡም ቢሆን ካርቶኑ ውስጥ ከተገኘ ወረቀት ወይም ሌላ አገር ከተቀረጸ ቪዲዮ እንዳለ የሚቀዳ ነው። ያ ወረቀትና ያ ቪዲዮ የሚያውቁት ክፍል ደግሞ ከባሕር ወለል እምብዛም ያልራቀ፣ አቧራው በየቀኑ የሚጠረግ፣ ደጁ አስፋልት የሆነ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው አየርን ማስገባትና ማስወጣት ጥንትም ዛሬም የቦታውን ጠባይ አይቶ የሚሠራ ሥራ ነው በማለት ነው። ከጣራ ገዳም ተራራ ሥር እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው አገር ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ከኤሌክትሪክ ዘመን በፊት ጀምሮ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ግን የነፋስ መግቢያና መውጫ ከሌላ አገር ተለክቶ ስለመጣ፣ ቦታው ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሙቀቱም የአቧራውም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይመስለኛል።

ክርክሩ የሚቆመው በቦታው ላይ ስለሆነ አስቀድሞ ቦታውን ማየት ይገባል። ጣራ ገዳም በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ይገኛል፤ በገዳሙ ጥበቃ የቆየው ደን የሚበቅለው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል እየጠረጉ ያመጡት ደለል ያነጠፈው የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። ወረታ በዚህ ሜዳ ላይ በ1,800 ሜትር ገደማ የተቀመጠች፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ የመኪና መንገድ ብቻ፣ ከፍታው በ900 ሜትር ይለያያል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲገባ ይሰነጣጠቃል፤ የእንስሳና የመኪና እግር ሲረግጠው ደቅቆ ይነሣል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተስፋፋው ሩዝ ሌላ ዓይነት ብናኝ ጨመረ። ወረታ ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫና የሩዝ መፈልፈያዎች ከተማ ናት። የሩዝ ገለፈት ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዘር የሆነ ማዕድን ነው። ይህን የመሰለ ብናኝ ፋን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ሜዳ ላይ አየርን መምራት በመጀመሪያ የአውድማ ዕውቀት ነበር። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው ወይም ሩዙ በበሬ እግር ከተበራየ በኋላ ፍሬና ገለባ ተቀላቅሎ ይቀራል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ነፋስ ነው። ገበሬው ገለባውን በመንሽ ያነሣል፤ ከዚያ ፍሬና እብቅ የተቀላቀለበትን በላይዳ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ፍሬው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፤ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። ሥራው ሲታይ የክንድ ሥራ ይመስላል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ላይዳው ከመነሣቱ በፊት የተመረጠው ቦታ ነው። አውድማ የሚለቀለቀው ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ነው፤ እብቁ የሚሄድበት ወገን አስቀድሞ ይታያል፤ የተጣራው ምርት የሚከመረው ብናኙ ተመልሶ በማይደርስበት በኩል ነው። ጊዜውም ይመረጣል። ሐይቅ አጠገብ ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከውኃው ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ገበሬው ይጠብቃል፤ ከበረታ ፍሬውንም ስለሚወስድበት ውርወራውን ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ፦ አየር ከየት ይመጣል፣ በምን ውስጥ ያልፋል፣ ያነሣውን ይዞ የት ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ የሌሎቹ መልካምነት አይጠቅምም። በአውድማ ላይ ኃይለኛ ነፋስ የሥራው ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

ምርቱ ከአውድማ ከተነሣ በኋላም የአየር ጉዳይ አላበቃም። ከቤት ውጭ የሚቆመው ጎተራ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ የሚቀመጠው ከሥሩ አየር እንዲያልፍና የመሬት እርጥበት እህሉን እንዳያገኘው ነው። በየክረምቱ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ይህ ከፍታ የግድ ነው። በአንጻሩ እርጥበት በማያሠጋበት ደረቅ አገር እህል በጉድጓድ ይቀበራል፤ እዚያ የሚፈለገው አየርን መዝጋት ነው። ጎተራ ሠሪውም ጉድጓድ ቆፋሪውም እህል ማቆየት ነው የሚፈልጉት፤ አንዱ አየር ያሳልፋል፣ ሌላው ያግዳል፤ ልዩነቱን ያመጣው የቦታው እርጥበት ነው። ከዚህ የምወስደው ማስረጃ ቀላል ነው፦ ባህላዊው ባለሙያ በየትም ቦታ የሚሠራ አንድ የአየር ሥርዓት አልነበረውም። የነበረው የቦታውን አፈር፣ እርጥበትና ነፋስ መርምሮ መግቢያውንና መውጫውን የመወሰን ልማድ ነው። አንድ ሰው ከቆላ ያየውን ጉድጓድ ፎገራ ላይ ቢቆፍር እህሉ በአንድ ክረምት ይበሰብስ ነበር፤ ስሕተቱም የቆፋሪው እንጂ የጉድጓዱ አይሆንም።

ሦስተኛው ማስረጃ የሚገኘው ከሜዳው ወደ ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በሚገኘው ጋፋት ነው። የአገራችን ብረት ሠሪ የሚጠቀምበት ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢቶች አሉት። በግራና በቀኝ እጅ ተራ በተራ ሲጫኗቸው አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይተፋል፤ ከሸክላ በተሠራው አፍ በኩል ወደ ከሰሉ የሚደርሰው ትንፋሽ ሳይቋረጥ ይሄዳል። በአንድ ከረጢት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሳቱ በየመሳቡ መሐል በቀዘቀዘ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚስዮናዊነት የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ፣ ጥያቄው ይህን ትንፋሽ እጅግ ማሳደግ ነበር። ነሐስ ለማቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ሙቀቱም የሚመጣው ከሰሉ ከሚያገኘው ኦክስጅን ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ አንድ ወናፍ የሚይዘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፓ የተማረ ቀላጭ በለመደው መጠን ቢነፋ እሳቱ ከለመደው ያነሰ ይሆንበታል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልተሳኩም፤ የውድቀታቸው ምክንያት አየሩ ብቻ ነበር ማለት ግን አልችልም፤ ምድጃው፣ ሸክላውና ማዕድኑም የየራሳቸው ችግር ሊኖራቸው ይችል ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ቀልጦ ወጣ፤ እስከ መቅደላም ተጎተተ። ሳሳ ያለ አየር የእሳትን ሥራ እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው አገር የገባውን የኮምፒውተር ፋን ሥራም ይለውጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሣው የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። አውድማ እህል ያጣራል፣ ጎተራ እህል ያቆያል፣ ወናፍ እሳት ያነድዳል፤ ፋን ግን ሙቀት ያወጣል፤ አራቱን በአንድ መስመር ማሰለፍ የናፍቆት ሥራ አይደለም ወይ? ደግሞስ ወረታ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ሥራውን የተማረው ከላይዳ ነው የሚል ማን ነው? የሁለተኛውን እቀበላለሁ። በአውድማና በኮምፒውተር መካከል የዘር ሐረግ የለም፤ ቢኖር ኖሮ እንዲያውም የምከራከርበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። የመጀመሪያው ግን የሚያየው አየሩ የሚያገለግለውን ነገር እንጂ አየሩ የሚሠራውን ሥራ አይደለም። በአራቱም አየር ተሸካሚ ነው፤ እብቅ፣ እርጥበት፣ ኦክስጅን ወይም ሙቀት ይሸከማል። የሸክሙ መጠን በአየሩ ክብደትና በሚያልፍበት መንገድ ይወሰናል። የአየሩን ክብደት ከፍታው ይወስነዋል፤ መንገዱን የሚደፍነውን ደግሞ አፈሩና የመኸሩ ወቅት ያመጡታል። ስለዚህ የማነጻጽረው ዕቃውን ከዕቃው ጋር አይደለም፤ አንዱ ትውልድ የቦታውን አየር እንዴት እንደመረመረና ሌላው ለምን ሳይመረምር እንደቀረ ነው። ለምን ሳይመረምር ቀረ ለሚለው መልሱ በኮምፒውተሩ በራሱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲቀዘቅዙ የኖሩት በክፍላቸው ነው። ከፍ ብሎ በተነጠፈ ወለል ሥር ቀዝቃዛ አየር ይነፋላቸዋል፣ በሩ ይዘጋል፣ አቧራ አይገባም፤ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ሕንፃው ነው፣ ወጪውም የተቋሙ ነው። የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ኃላፊነት ከክፍሉ ወደ ሳጥኑ ወረደ። መውረዱን ሁሉም ወዲያው አልተቀበለውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው አፕል 3 ያለ ፋን ነው የተሠራው፤ በሙቀት የተነሣ ቺፖቹ ከመሰኪያቸው እየተነሡ ስላስቸገሩ፣ ማሽኑን ጥቂት ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መጣል እንደ መፍትሔ ሲነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ፋን አልነበረውም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ፒሲ ደግሞ 63.5 ዋት በሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ አንድ ፋን ነበረው፤ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ አነስተኛ ስለነበር ማቀዝቀዣ ብረት እንኳ አልተደረገለትም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፔንቲየም ግን የራሱን ማቀዝቀዣ ብረት (ሂት ሲንክ) እና ፋን ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዳንድ የፔንቲየም 4 ዓይነቶች ከ100 ዋት በላይ ደረሱ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን የሳጥን መለኪያ ሲያወጣ፣ የፓወር ሰፕላዩ ፋን አየር ከውጭ ስቦ ፕሮሰሰሩ ላይ እንዲነፋ ታስቦ ነበር። የፓወር ሰፕላዩን ሙቀት ተሸክሞ የሚመጣ አየር ለማቀዝቀዝ እንደማይበጅ ሲታይ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ፋኑ ወደ ውጭ እንዲተፋ ተደረገ። ቢቲኤክስ የተባለው፣ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ባለ የአየር መንገድ ዙሪያ የተነደፈው ሳጥንም ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2006 ቀረ። መለኪያውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው መግቢያና መውጫን እየገለባበጡ የተማሩ ናቸው ማለት ነው፤ መለኪያውን የማይነካ ሕግ አድርገን የምንይዝበት ምክንያት የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስም የኃላፊነቱ መውረድ ይታያል። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድ ውጤቱ የተቀነባበረው በአዲስ አበባ፣ በማዕከል በተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ሲገባ ኮምፒውተሩ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ካፌና ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ሲያገናኝና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰቀል፣ ሙቀት የሚያመነጭ ኤሌክትሮኒክስ የአየር ማቀዝቀዣ በሌላቸው ክፍሎች ውስጥ በአገር ደረጃ ተስፋፋ። ክፍሎቹ የቆርቆሮ ጣራ አላቸው፤ መስኮታቸው ለብርሃንም ለነፋስም ይከፈታል፤ ደጁ ብዙ ጊዜ አፈር ነው። ኮምፒውተር ቤቱ ደግሞ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የፎቶግራፍ ሕትመትና ጥገና በአንድ ክፍል ስለሚሠራ፣ በር ከፍቶ መዋል ግዴታው ነው። ብዙ ሰው በልማድ ሲፒዩ የሚለው ሳጥን በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ያቀዘቅዘው የነበረውን ሁሉ ብቻውን ተሸከመ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስን እንደ ሙያ ማስተማራቸው ለጥገናው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው የተለካበት አየርና ዕቃው የሚሠራበት አየር እኩል አለመሆናቸው ከሙያው ዳር የቀረ ጉዳይ ነው።

በጣም የተለመደው መከራከሪያ «አገራችን ደጋ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፋን እዚህ አያሳስብም» የሚል ነው። ለደብረ ታቦር ይህ መከራከሪያ በከፊል ይሠራል፤ ለወረታ ግን አይሠራም፤ ቁጥሩ ያሳየዋል። ሳጥኑ ውስጥ 200 ዋት የሚያሞቅ ማሽን አለ እንበል፤ የሚወጣው አየር ከገባው በ10 ዲግሪ ብቻ የሞቀ እንዲሆን እንፈልጋለን። በባሕር ወለል ለዚህ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። በወረታ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በሰዓት 74 ያህል፣ በደብረ ታቦር ከ80 በላይ ያስፈልጋል። ፋን ደግሞ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በከፍታ አይጨምርም፤ ይዘቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ይቀንሳል። የአሜሪካው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ፣ ለኮምፒውተሮች ባወጣው መመሪያ አንዱ መደብ የሚገባው አየር እስከ 35 ዲግሪ እንዲሆን ይፈቅድና ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። በዚህ ስሌት የደብረ ታቦር ጣሪያ 29 ዲግሪ፣ የወረታ 32 ዲግሪ ይሆናል። የደብረ ታቦር ቀን ከ29 ዲግሪ ብዙ ይርቃል፤ ቅዝቃዜው የሳሳውን አየር ይክሳል። ወረታ ላይ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህም የደጁ ሙቀት ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ፎቶ ኮፒና ሰው በሞላበት ክፍል ከዚያ ያልፋል። ሜዳው ከደጋው የወሰደው የአየሩን መሳሳት ነው፤ ብርዱን አልወሰደም። ስለዚህ የደብረ ታቦሩ ገጣጣሚ ችላ ቢለው የሚያልፍለት ነገር ለወረታው ገጣጣሚ አያልፍም፤ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት አቀማመጥ አይበቃም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ችግሩ ይህ ከሆነ ፋን መጨመር ነው» የሚል ነው። ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም፤ በዚህ አገር የፋን ብዛት ካልታሰበበት አቧራን ማባዛት ነው። የተለመደውን ሳጥን ከፍቶ ማየት ይበቃል። አንድ ፋን ከኋላ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ፓወር ሰፕላዩም ይተፋል፤ ከፊት የሚያስገባ የለም። ሁለቱ ያወጡትን ያህል አየር ከአንድ ቦታ መግባት ስላለበት፣ በዲቪዲው አፍ፣ በዩኤስቢው ዙሪያ፣ ክዳን በሌለው የካርድ ቀዳዳ፣ በሳጥኑ ስንጥቅ ሁሉ ይሳባል። አቧራው የገባበት ቦታ ሁሉ ምልክቱን ትቷል፦ በየቀዳዳው ጠርዝ ግራጫ ጢም አብቅሏል፤ የፋኑ ቅጠሎች ነፋሱን በሚገምጡበት ጠርዛቸው ወፍረዋል፤ በሂት ሲንኩ ቅጠሎች መካከል ደግሞ ልክ እንደ ባና የተደፈጠጠ ንጣፍ ተኝቷል። ፋኑ ቢፈጥንም ባናው አየር አያሳልፍም። ክረምት ሲገባ ያው አቧራ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥብ አቧራ ብረት ያዝጋል፣ አልፎ አልፎም ኤሌክትሪክ ያሾልካል። የሩዝ ገለፈት ብናኝ ሲሊካ ስላለበት የፋኑን ዘንግ ይፍቃል፤ ጠዋት ሲበራ የሚያንጫጫው ፋን ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ዘንጉ የተበላ ነው። ኢንቴል ለፔንቲየም 4 ዘመን ሳጥኖች ያስጠናው፣ ከጎን ክዳን ላይ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚዘልቀው ቱቦ ለዚህ ጉዳይ የማያሻማ ምስክር ነው። ቱቦው የታሰበው ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው አየር ከ38 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው፤ ለንጹሕ ቢሮ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ማጣሪያ በሌለበትና ደጁ ዋልካ በሆነበት ክፍል ግን አቧራን በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያፈስ ቦይ ሆነ። ዕቃው አልተለወጠም፤ ቦታው ተለወጠ።

መፍትሔው ከዚሁ ይወጣል። ከሚወጣው አየር ይልቅ የሚገባው በትንሹ እንዲበልጥ ማድረግ፣ የሚገባበትንም አንድ ቦታ ብቻ አድርጎ ማጣራት ነው። ከፊት ሁለት የ120 ሚሊ ሜትር ፋኖች ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ ቢሆኑ፣ በሳጥኑ ውስጥ የተረፈው አየር በስንጥቁ ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። ማጣሪያው ስስ የናይለን ጨርቅ ቢሆንም ይበቃል፤ ነገር ግን አየሩን ስለሚይዝ፣ ያውም በሳሳ አየር ላይ፣ ትንንሽ ፈጣን ፋኖችን ትቶ ሰፋፊና ዝግ ብለው የሚዞሩትን መምረጥ ይሻላል። አቅጣጫውን ለማወቅ የፋኑን ገጽ ማየት ነው፤ አብዛኛው ፋን አየር የሚተፋው ሞተሩን የያዙት ክንዶች ባሉበት ወገን ነው። የአሮጌ ማሽኖች ሰፋፊ ጠፍጣፋ ኬብሎች በመግቢያና በመውጫ መካከል ከተንጠለጠሉ መንገዱን ስለሚዘጉ ወደ ጎን ይታሰራሉ። አቧራ በብሎወር ሲነፋ ቅጠሉን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልተያዘ ከልኩ በላይ እየተሽከረከረ ዘንጉን ይጎዳል። ሳጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አቧራ የሚበዛው መጥረጊያው በሚያልፍበት ከፍታ ነው፤ ጎተራ ሠሪው ለእርጥበት ያደረገውን ገጣጣሚው ለአቧራ ያድርገው። ማጣሪያው የሚጸዳበት ጊዜም እንደ ወቅቱ ይለያይ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የመኸርና የውቂያ ወራት በየሳምንቱ፣ በክረምት ረዘም ባለ ጊዜ።

አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ የጎኑን ክዳን ከፍቶ ማስቀመጥን ይመርጣል። ይህ ልማድ ማስረጃ የለውም ማለት አልችልም፤ የታፈነ ሳጥን ክዳኑ ሲነሣ ለጊዜው ሙቀቱ ይወርዳል። ነገር ግን ክዳኑ ሲነሣ ከፊት ወደ ኋላ የነበረው መንገድ ይጠፋል፤ ፋኖቹ አጠገባቸው ያለውን የሞቀ አየር መልሰው መላልሰው ያዞራሉ፤ አቧራውና በረሮው ያለ ከልካይ ይገባሉ። ዛሬ የቀነሰው ሙቀት ከጥቂት ወራት በኋላ በሂት ሲንኩ ላይ በተኛው ንጣፍ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ሌላው የሚነሣው ተቃውሞ የዴስክቶፕ ዘመን አልፏል፣ ሰው ሁሉ ላፕቶፕና ስልክ ይዟል የሚል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላፕቶፕ ብልጫ እንዳለው አልክድም። ሆኖም በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በማተሚያ ቤት ዴስክቶፑ የቆየው የተበላሸውን ክፍል ለይቶ ቀይሮ መሥራት ስለሚቻል ነው። ላፕቶፑም ቢሆን ፋን አለው፤ መንገዱ የጠበበ ስለሆነ በአቧራ የሚደፈነው ፈጥኖ ነው። ጉዳዩ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሸጋገራል እንጂ አያልቅም።

እንግዲህ ከአውድማው፣ ከጎተራውና ከወናፉ ያገኘነው ማስረጃ ለዛሬ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ አገር የአየርን ሥራ ያሳኩት ሰዎች መሣሪያቸውን ከመትከላቸው በፊት ቦታውን ጠይቀዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ጥያቄ ያዘለለው በገጣጣሚው ስንፍና አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ጥያቄው በሌላ አገር ተጠይቆ ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ ስለነበረ ነው። መልሱ ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የደቡብ ጎንደር የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ፋን መፍታትና ማሰር ከተማረ፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ የከተማውን ከፍታ፣ የበጋውን ከፍተኛ ሙቀትና የአቧራውን ምንጭ መዝግቦ መግቢያና መውጫ መቀየስን ሊማር ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትርና የዕጣን ጭስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ ዓይን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ በመስፈርቱ ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንደሚጽፍ ሁሉ፣ የመግቢያ ፋንና የሚታጠብ ማጣሪያ ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ከጊዜያቸው በፊት የሚጣሉት ማሽኖች ቁጥር ይቀንሳል። ወረታና ደብረ ታቦር አንድ ዓይነት ሳጥን ሊገዙ ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት የአየር መንገድ ግን ሊኖራቸው አይገባም፤ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ደግሞ ፋብሪካው ሳይሆን ሳጥኑን እዚያው ከፍቶ የሚገጣጥመው ሰው ነው።